ግራፍ ያለ ዓይን የተማረ ሰው አለ? (ኢኮኖሚክስ፣ 2ኛ ዓመት)

የደምበጫው

ሰላም ለሁላችሁ። ዓይነ ስውር ነኝ። እዚሁ ጎጃም፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። የምጽፈው በስልክ ነው፣ ቶክባክ እያነበበልኝ። ፊደል ከገደፍኩ ይቅርታ።

ዲፓርትመንት ስመርጥ ሁሉም «ሕግ ግባ፣ ካልሆነም አማርኛ» አለኝ። እልህ ያዘኝና ኢኮኖሚክስ ሞላሁ። ሃይስኩል ሳለሁ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ «አንተ ውጪ ፀሐይ ሙቅ» ነበር የምባለው። አራት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሞቅኩ። ዕዳው አሁን መጣ።

ያለፈው ሚድ 3 ሰዓት ላይ ተጀመረ። አንባቢዬ 3፡40 ደረሰ። ከሌላ ዲፓርትመንት የተላከ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ እሱን አልቀየመውም። ጥያቄ 7 ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

«ምንድን ነው?»
«ሁለት መስመር ተጣልፏል።»
«የቱ ነው ወደ ላይ የሚወጣው?»
«ሁለቱም መሰለኝ።»

የፍላጎት መስመር ከመቼ ወዲህ ነው ወደ ላይ የሚወጣው? ገምቼ መለስኩ። 5 ሰዓት ሲሆን ወረቀቱ ተሰበሰበ። «40 ደቂቃዬስ?» ብል ፈታኙ «እኔን አይመለከተኝም» አለኝ።

ሞጁሉም በስልክ ፎቶ ተነስቶ ፒዲኤፍ የተደረገ ነው። ቶክባክ «ገጽ 1፣ ምስል፤ ገጽ 2፣ ምስል» እያለ 84 ገጽ ይቆጥርልኛል።

ግራፉን እንዴት ልያዘው? ሰዓቴንስ በምን አግባብ ልጠይቅ? ዲፓርትመንት ቀይር ልትሉኝ ያሰባችሁ፣ እሱን አባቴም ነግሮኛል።

ቡሬ ላይ አስተማሪ

ወንድሜ፣ እኔም አላይም። የተማርኩት ታሪክ ስለሆነ ግራፉን ለሚያውቁት እተዋለሁ። ስለ ሰዓቱ ግን ልንገርህ።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650/2001 አንቀጽ 40 የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን የሚመለከት ነበር። የፈተና ሰዓት ማራዘም፣ አማራጭ የፈተና አሰጣጥ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ሁሉም ተጽፎበት ነበር። «በተቻለ መጠን» የምትል ማምለጫም ነበረችበት፣ እሷን ቀድመህ እወቃት። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ 1152 ተተክቷልና አዲሱን አስነብበህ አንቀጹን ጥቀስ።

ዋናው ነገር በቃል አትጠይቅ። እኔ ሁለት ዓመት በቃል ጠይቄ ሁለት ዓመት «እሺ፣ እናያለን» ሰምቻለሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሴሚስተሩ በገባ ሳምንት ማመልከቻ ጽፌ፣ ኮፒውን ለዲፓርትመንቱ፣ ለዲኑና ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ክፍሉ አስገባሁ። ማኅተም ያረፈበትን አንዱን ኮፒ ይዤ ቀረሁ። ፈታኙ ሲያንገራግር ያንን አወጣለታለሁ፣ ያበቃል። አንባቢም ከራስህ ዲፓርትመንት፣ ከአንተ ከፍ ያለ ባች ይሁንልኝ በል።

እንዲያው ይገርመኛል። ዋሸራና ዲማ ባሉበት አገር፣ ቅኔ ያለ ወረቀት ተቆጥሮ ለመምህሩ በቃል በሚነገርበት አገር፣ «ካላየህ አትማርም» ይባላል።

ሰሌዳና ጠመኔ

መምህር፣ ስለ ማመልከቻው እውነትዎን ነው። እኔም ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። እዚህ ላይ የእኛም ጥፋት አለበት፤ ሰሌዳ ላይ «ይሄ መስመር ወደዚህ ሲሄድ» ስንል «ይሄ» ማን እንደሆነ አንናገርም።

የደምበጫው፣ ግራፉን መጀመሪያ በቁጥር ያዘው። የሚፈለገው መጠን ከ100 ላይ የዋጋው እጥፍ ሲቀነስ ነው እንበል። የሚቀርበው ደግሞ 20 ሲደመር የዋጋው እጥፍ። ዋጋውን 10 አድርገው፦ ገዢ 80 ይፈልጋል፣ ሻጭ 40 ያቀርባል፣ እጥረት ነው። 30 አድርገው፦ ተገላቢጦሽ፣ ዕቃው ተረፈ። 20 ላይ ሁለቱም 60 ናቸው። መስመሮቹ የሚጣለፉት እዚያ ነው። አሁን ገዢው ፍላጎቱ ጨምሮ 100 የነበረው 120 ቢሆንስ? ራስህ አስላና ጻፍልኝ።

ሞጁሉን መምህርህ የጻፈበትን የወርድ ፋይል ለምነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ አለው። ኤንቪዲኤ የሚባለው አንባቢ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ወርዱን ያነብልሃል። ፎቶውን በኦሲአር፣ ማለትም የምስል ጽሑፍን ወደሚነበብ ፊደል በሚለውጥ ፕሮግራም፣ መቀየርም ይቻላል፤ ቀመሩን ግን ያበላሸዋል።

የዶርሙ ጓደኛ

እኔ አያለሁ፤ ዶርም አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ነው የማያይ። እኛ ያደረግነው ይሄን ነው። ካርቶን ቆረጥን። ለሁለቱ አክሲስ፣ ዋጋና መጠን ለሚለኩባቸው የቁምና የአግድም መስመሮች፣ ስንደዶ በኮላ ለጠፍን፣ ለፍላጎትና ለአቅርቦት አክርማ በእስፒል ያዝን። አንዱን ለስላሳ ተውነው፣ ሌላው ላይ ክር ጠመጠምን፣ በእጅ እንዲለይ። ፍላጎት ጨመረ ሲባል እስፒሉን ነቅለህ አክርማውን ወደ ቀኝ ትገፋዋለህ። ለጎበጠ መስመር የጫማ ክር ይሻላል።

ፈተና ሲደርስ ግማሹ ክፍል ያንን ካርቶን ሊዋስ ይመጣል።

የደምበጫው

እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ 25 ብር ላይ 70 ወጣልኝ። ልክ ነኝ?

እናቴ ሰፌድ ጀምራ ነበርና ከአክርማዋ ቆንጥራ በሚኒባስ ላከችልኝ። «ዩኒቨርሲቲ ስፌት ጀመራችሁ እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች። ትናንት ማታ ካርቶኑን ሠራነው። እስፒሉ አንድ ሁለቴ ወጋኝ። የተጣለፉበት ላይ ጣቴን አሳርፌ ወደ ግራ ስሄድ ዋጋውን፣ ወደ ታች ስወርድ መጠኑን አገኘሁት።

ጥያቄ 7 መልሱ ሐ ነበር። እኔ ለ ብያለሁ።