የወሎው ሐይቅ ላይ የቆሮሶ (የቲላፒያ ዓሣ) ጫጩት ይጨመር ወይስ መጀመሪያ ውሃው ይለካ?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ጀማው። ሰሞኑን ሁለት ወሬ ተደባልቆ እየዞረ ነው። አንዱ ቆሮሶው ስለቀነሰ ከማራቢያ ጣቢያ ጫጩት ይምጣልን የሚለው ጥያቄ ነው። ሌላው «ውሃው ስለቆሸሸ የዓሣው ዘረመል መዝለል ጀምሯል፣ እንዳትበሉ» የሚል የድምጽ መልእክት ነው። እኔ ጫጩቱን አልቃወምም። ውሃው ሳይለካ ግን መግባት የለበትም ባይ ነኝ።

«የሚዘል» የተባለው ነገር ፈጠራ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ዲኤንኤ ይባላል። ዘረመሉ ውስጥ ካለበት ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚገባ ቁራጭ ነው። አንዳንዱ ተቆርጦ ይሄዳል፣ አንዳንዱ እዚያው ቆይቶ ቅጂውን ይልካል። ባርባራ ማክሊንቶክ የምትባል አሜሪካዊት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቆሎ ላይ ደረሰችበት፤ ኖቤል የተሸለመችው በ1983 ነው። ነጣ ብሎ ሐምራዊ ጠቃጠቆ ያለበት የበቆሎ ፍሬ አይታችሁ ከሆነ ነገሩን በዓይናችሁ አይታችኋል። ቁራጩ ቀለም የሚሠራው ጂን ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል። ፍሬው እያደገ ሳለ ከአንዳንድ ሴል ከወጣ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቀለሙ ይመለሳል።

ዓሣም ላይ አለ። ሜዳካ በምትባለው የጃፓን የሩዝ ማሳ ዓሣ ላይ ቶል2 የተባለ ቁራጭ የቀለም ጂን ውስጥ ገብቶ የነጣ ዓሣ ተገኝቷል። የዜብራ ዓሣ ዘረመል ደግሞ ከግማሽ በላይ ከእንዲህ ያለ ቁራጭ የመጣ ነው። ሴሉ ግን ዝም ብሎ አይለቃቸውም። ሜቲል የሚባል ምልክት ይለጥፍባቸዋል። በእንቁላሉና በወንዱ ዘር ሴሎች ውስጥ ደግሞ ትናንሽ አርኤንኤዎች (ከዲኤንኤ የሚቀዱ ሞለኪውሎች) እየተከታተሉ ያፍኗቸዋል። ሙቀት ሲበዛ፣ ኦክስጅን ሲያጥር፣ እንደ ካድሚየም ያለ ብረት ውሃው ውስጥ ሲገባ ያ አፈና ሊላላ ይችላል። የውሃው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ከኮምቦልቻ፦
አየህ፣ አንተው አመንከው! ታዲያ የሰው ልጅ ይህንን ይብላ? እኔ በበኩሌ ልጆቼን ከልክያለሁ። እስኪጣራ ድረስ ሽያጩም ቢቆም ይሻላል።

ዓሣ ጠባሿ፦
ኧረ ወንድሜ፣ በአላህ! መልእክቱ ከዞረ ወዲህ ደንበኛ ቀርቶብኛል። ከደሴ የሚመጡት እንኳ ለብለቡን ትተው ሽሮ ያዛሉ። ዓሣው የታመመ ከሆነ ንገሩንና እናቁም። ካልሆነ ግን እንጀራችንን በወሬ አትዝጉብን። መምህር፣ አንቱ ምን ይላሉ?

የባዮሎጂ መምህር፦
አብሽሪ እህቴ። ዲኤንኤ የሌለው ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ጤፉም፣ ሽሮውም፣ በጉም አለው። የራሳችን ዘረመል እንኳ ግማሽ ያህሉ ከተንቀሳቃሽ ቁራጭ የመጣ ነው። የበላነው ዲኤንኤ ሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ ከዓሣው ተነስቶ ሰው ዘረመል ላይ አይዘልም። ስለ ዓሣው ደህንነት የሚያስፈራ ነገር ካለ ፀረ ተባይና ከባድ ብረት ሥጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው። እሱ ሌላ ምርመራ ነው፣ ከጂን መዝለል ጋር አይገናኝም።

የሐይቅ ልጅ፣ አንተንም ትንሽ ልሞግትህ። ሬይንቦ ትራውት ላይ በተሠራ ጥናት ዓሣው ሲጨነቅና መርዝ ሲያገኘው የእነዚህ ቁራጮች ቅጂ በአርኤንኤ መልክ በርክቶ ታይቷል። ይህ እውነት ነው። ግን ቁራጩ ተነበበ ማለት ዘለለ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ እኮ በድን ናቸው። በዘመናት ብዛት ተበላሽተው መንቀሳቀስ አቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች ከሳልሞን ወገን ዓሦች የሞቱ ቅጂዎችን አነጻጽረው፣ የተበላሸውን ፊደል አርመው፣ አንዱን እንደገና እንዲሠራ አድርገውታል። ያንን ያህል ድካም የጠየቀው በራሱ የሚሠራ ስላጡ ነው። ከዚያ ደግሞ ዝላዩ ጉበት ወይም ስንጥብ ላይ ከሆነ ከዚያው ዓሣ ጋር ይቀራል። ለልጅ የሚተላለፈው እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ውስጥ ከሆነ ብቻ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦
እቀበላለሁ መምህር። የኔም ፍራቻ ነገ ጭራቅ ይወለዳል የሚል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአምስት የአፍሪካ ዓሦች ዘረመል ሲነበብ የኛው ቆሮሶ አንዱ ነበር። እዚያ ላይ ቁራጩ ከጂን መነሻ አጠገብ ሲገባ ጂኑ የሚሠራበት መጠን ከመለወጡ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ግን ያ የብዙ ሺህ ዘመን ሥራ ነው፣ የአንድ ክረምት አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። አፈናውን የሚያላላው ነገርና ጫጩቱን የሚገድለው ነገር አንድ ነው፤ የኦክስጅን ማጠር፣ ድንገተኛ ሙቀት፣ መርዝ። ጂኑን እዚህ መለካት አንችልም። ውሃውን ግን እንችላለን።

መረብ ጣይ፦
ስሙኝ እስቲ። እናንተ ስለ ጂን ስታወሩ እኔ ሌሊቱን ሙሉ መረብ ጥዬ የማወጣው ለመሸጥ የማይበቃ ትንንሽ ነው። ቆሮሶው ራሱ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ነው ሐይቁ ላይ የተለቀቀው። ያኔ ማን ውሃ ለካ? ተለቀቀ፣ ተራባ፣ ስንት ቤተሰብ በላበት። አሁን ምን አዲስ ነገር መጣና ነው ጥናት፣ ጥናት የሚባለው?

የሐይቅ ልጅ፦
ጋሼ፣ ያኔ በደንብ ተለክቶ ቢሆን ዛሬ ባልተከራከርን ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃው እንደ ድሮው ጥርት ብሎ አይታይም። ተመራማሪዎች አንዱን ምክንያት ከቆሮሶው ጋር ያያይዙታል፤ አልጌውን፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ነገር፣ የሚግጡትን ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚበላቸው አልጌው በዛ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሐይቁ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ የሚያስወጣው ወንዝ የለውም። ከማሳ የታጠበው ዩሪያና ፀረ ተባይ መሄጃ የለውም። ሦስተኛ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን አልባ ነው። ብርድና ነፋስ ሲገለብጠው ያ ውሃ ወደ ላይ ይመጣል። በዚያ ሳምንት ጫጩት ብትለቅ ብርህን ውሃ ውስጥ ጣልከው ማለት ነው።

መረብ ጣይ፦
የመገልበጡን ነገር እናውቀዋለን። ዓሣው አፉን ወደ ላይ እያወጣ አየር ሲጎርስ እናያለን።

ከኮምቦልቻ፦
መብላቱን መምህር እንዳሉት ይሁን፣ ለልጆቹ እፈቅዳለሁ። የፀረ ተባዩ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሥጋው ሳይመረመር ማንም ደህና ነው ብሎ አይፈርምልኝም።

የባዮሎጂ መምህር፦
ልክ ነህ፣ እሱን አጥብቀህ ጠይቅ።

ለመለካቱ ብዙ ወጪ አያስፈልገንም። አንድ ክብ ሳህን አራት ቦታ ከፍላችሁ ነጭና ጥቁር በየተራ ቀቡት፣ መሐሉን በስታችሁ ሜትር የተቋጠረበት ገመድ እሰሩበት። ከጀልባው ጥላ በኩል አውርዱት። ከዓይን የተሰወረበትን ሜትር ጻፉ። ቴርሞሜትር ከትምህርት ቤት አመጣለሁ። የኦክስጅን መለኪያው ነው ያስቸገረን፤ ከዩኒቨርሲቲ እንዋሳለን ብዬ አስባለሁ። የሚለካው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ አልጌው ሌሊቱን ሲተነፍስ አድሮ ኦክስጅኑ ዝቅ የሚለው ያኔ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለክቶ «ደህና ነው» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት።

ጫጩቱ ሲመጣ ደግሞ ፌስታሉ እንደታሰረ ውሃው ላይ ይንሳፈፍ። የውስጡና የውጩ ሙቀት እስኪመጣጠን ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከዚያ የሐይቁ ውሃ ቀስ እያለ ይጨመርበት። ከፀሐይ ላይ አውርዶ ዝርግፍ ማድረግ ጫጩቱን ማስደንገጥ ነው።

መረብ ጣይ፦
ጀልባውና ጎህ ሳይቀድ መነሳቱ በኔ። ሳህኑንም እኔ እቀባለሁ። ግን መለካቱ ሰበብ ሆኖ ዓመት እንዳይገፋ። ውሃው ጥሩ ነው ካለ ጫጩቱ ይግባ፤ መጥፎ ነው ካለ ደግሞ ከዳር ያለውን የሞተር መስኖና የመኪና እጥበት የሚያስቆም ሰው አብሮ ይፈርም። እኛ ብቻ መረባችንን ሰብስበን አንቀመጥም።

የሐይቅ ልጅ፦
ትክክል። የመጀመሪያውን ልኬት እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ቀንና ሰዓቱን ጽፌ።