ሎድዋር፦ ቆጣሪው ቶክን አልቀበል አለኝ፣ ነገ ጠዋት ሰዎች ይመጣሉ

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)፦
ቅዱሳን ሰላም ናችሁ? አስቸኳይ ነው። ቱርካና፣ ሎድዋር ገብቻለሁ። ቡድኑን እንድመራ ተመድቤ ነው የመጣሁት። ቤቱ መብራት የለውም፤ ጎረቤት ግን አለ። ቶክን (መብራት የሚሞላው ቁጥር) ተልኮልኝ ባስገባ ባስገባ እምቢ አለ። ነገ የአካባቢው ወንጌላውያንና ሽማግሌዎች እኔ ቤት ይሰበሰባሉ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ፍሪጁም መሥራት አለበት። ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ የምታውቁ ቶሎ በሉኝ።

የጂንካ ልጅ፦
እንኳን በሰላም ገባህ ወንድሜ! ብሬከሩን አጥፍተህ መልሰህ አብራው።

ባለ ካርዱ፦
ካርዱን ይዘህ የመብራት ኃይል ቅርንጫፍ ሂድ፣ እዚያው ይሞሉልሃል። እኔ አዳማ ላይ ገጥሞኝ በአሥር ደቂቃ ነው የጨረሱልኝ።

የናይሮቢ ሹፌር፦
@ባለ ካርዱ ወንድም፣ ኬንያ እኮ ነው ያለው 😄 እዚህ ካርድ የለም። በኤምፔሳ ትከፍላለህ፣ ባለ 20 አሃዝ ቁጥር በመልእክት ይመጣል፣ እሱን ትነካካለህ። ጠያቂ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል? ቶክኑን የገዛው ማነው?

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ እኛ ስንላክ ፋኖስና መጽሐፍ ቅዱስ ይዘን ነው የወጣነው፤ ፍሪጅ የሚባል ነገር በሕልማችንም አልነበረ። ቢሆንም አልፈርድብህም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ መሪ ሆኖ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ርክክብ ነው። የቤቱ ውል በማን ስም ነው? የቡድኑ የባንክ ፊርማ ተቀይሯል? የሥራ ፈቃድህስ? ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ስለሚገባ ብዙዎቻችን እንዘናጋለን፤ ለአገልግሎት ግን ለሃይማኖት ሠራተኞች የሚሰጠው «ክላስ አይ» የሚባለው ፈቃድ ያስፈልግሃል። ከዘጠና ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋ ደግሞ መመዝገብ አለበት። ይህን ሳትጨርስ ስብሰባ አትጥራ። ደግሞም አዲስ መሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጆሮ እንጂ አፍ አይሁን…

የናይሮቢ ሹፌር፦
ጋሼ፣ ሰውየው ጨለማ ውስጥ ነው ያለው።

ጋሽ መምህር፦
እኔም ከጨለማ እንዲወጣ ነው።

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)፦
«ሪጀክት» ይላል። ቆጣሪው ውጭ ምሰሶው ላይ ነው፣ እኔ የምነካካው ቤት ውስጥ ያለችውን ትንሿን ሳጥን ነው። የገዛው ናይሮቢ ያለው የቀድሞው መሪ ነው፤ ቁጥሩን በዋትሳፕ ላከልኝ። ብሬከሩን ሞክሬዋለሁ።

የካኩማ እህት፦
ሰላም ወንድም፣ ካኩማ ካምፕ ካሉት የኢትዮጵያውያን ኅብረቶች በአንዱ አገለግላለሁ። መብራቱን ተወውና፣ ሽማግሌዎቹን ለምን ቤትህ ጠራሃቸው? የቱርካና ሽማግሌ ነገር የሚጨርሰው ዛፍ ሥር ነው። ኤኪቾሎንጉን ይዞ ይመጣል (ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ መቀመጫ፣ ሲደክመው ራሱን የሚያሳርፍባት፤ የሐመሮቹን በርኮታ የሚያውቅ ይገባዋል)፣ ጥላው ሥር ይቀመጣል፣ ሰው እስኪሟላ ዝም ይላል። አንተ ነህ ወደ እነሱ መሄድ ያለብህ። አዲስ መሪ ሶፋ ላይ አስቀምጦ ካናገራቸው «ቢሮ መጣ» ነው የሚሉት። ዛፍ ሥር ደግሞ ቶክን አያስፈልግም።

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)፦
እህቴ እኔ አልጠራሁም። ከእኔ በፊትም እዚህ ነበር የሚሰበሰቡት ብለው ቀኑን የቆረጡት እነሱ ናቸው። ፍሪጁንም ለሥጋና ለለስላሳ አይደለም ያልኩት፤ የባለቤቴ ኢንሱሊን አለ። እዚህ ያለውን ሙቀት ታውቂዋለሽ።

የጂንካ ልጅ፦
ውይ። ብሬከሩን አጥፍተህ ትንሽ ቆይተህ ነው ማብራት ያለብህ፣ ወዲያው ከሆነ አይሠራም።

ነርስ ማ.፦
ይሄን መጀመሪያ ብትለን ኖሮ! አትደንግጡ፣ ኢንሱሊን በአንድ ሌሊት አይበላሽም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። የተከፈተው፣ አብዛኛው ዓይነት፣ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። የሎድዋር ቀን ግን ከ30 በላይ ነው፣ ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስገቡ፣ መሐሉን በአሸዋ ሙሉት፣ አሸዋውን በውሃ አርሱት። መድኃኒቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ትንሹ ውስጥ አድርጉና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ይቀመጥ፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ይራስ። የቱርካና አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ በደንብ ያቀዘቅዛል። በረዶ ላይ በቀጥታ እንዳታስቀምጡት፤ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይወጋም። የሚጠራው ዓይነት ከሆነና ከደፈረሰ ወይም ዝቃጭ ካየችበት ትጣለው። ስኳሯንም ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ትለካ።

ባለ ካርዱ፦
አሸዋ እንኳ ቱርካና ሞልቷል 😂

ቆጣሪ አንባቢ፦
አሁን ነው ያየሁት። አንድ ጥያቄ፦ ቤቱ ተዘግቶ ነበር?

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)፦
አዎ። የቀድሞው መሪ 2024 አጋማሽ ላይ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ሰው አልኖረበትም።

ቆጣሪ አንባቢ፦
በቃ ተገኘ። ብሬከሩንም ሽቦውንም ተዉት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የዚህ ዓይነት ቶክን የተሠራበትን ደቂቃ በውስጡ ይዟል፣ ቆጠራው ደግሞ ከፈረንጆቹ 1993 ነው የጀመረው። ለቆጠራው የተተወው ቦታ ኖቬምበር 24 ቀን 2024፣ በእኛ ኅዳር 15 ቀን 2017፣ ላይ ሞላ። ኬንያ ብቻ አይደለም፣ በብዙ አገር ያለ የዚህ ዓይነት ቆጣሪ ሁሉ ከዚያ ቀን በፊት መታደስ ነበረበት። የአንተን ያደሰው የለም፣ ቤቱ ዝግ ነበራ። ስለዚህ አዲሱን ቶክን አያውቀውም።

ማደሻው ነፃ ነው። ኬንያ ውስጥ ላልታደሰ ቆጣሪ ቶክን ሲገዛ መልእክቱ ባለ 20 አሃዝ ሦስት ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቆጣሪውን ያድሱታል፣ መብራቱን የሚሞላው ሦስተኛው ነው። ጓደኛህ የላከልህ አንዱን ብቻ ከሆነ የመጨረሻውን ነው የሚሆነው። ደውልለትና ሙሉውን መልእክት እንዳለ፣ ሳይቆርጥ ይላክልህ። በተራ አስገባ፤ አንደኛው ተቀባይነት ማግኘቱን ሳታይ ወደ ሁለተኛው አትሂድ። ተራውን ካዛባኸው አሁንም ይጥለዋል።

መልእክቱን ካጠፋው የኬንያ መብራት ድርጅት የስልክ ኮድ *977# ላይ ገብታችሁ በቆጣሪ ቁጥሩ ፈልጉት። እሱም ካልሆነ የቆጣሪ ቁጥሩን ይዘህ ሎድዋር ያለው የመብራት ቢሮ። ምሰሶው ላይ ወጥቶ የሚከፍትልህ «ባለሙያ» ቢመጣ ግን እንዳትፈቅድለት፤ ቅጣቱ በአንተ ነው የሚመጣው።

የናይሮቢ ሹፌር፦
እኔም የአክስቴ ቤት ላይ እንደዚሁ ሆኖብኝ ነበር፣ ሦስቱን በተራ ሳስገባ በራ። እውነቱን ነው።

ጋሽ መምህር፦
እንግዲህ ርክክብ ያልኩት ይህን ነበር። የቆጣሪው መልእክት የሚመጣበት ስልክ ራሱ ወደ አዲሱ መሪ መዞር ነበረበት።

የጂንካ ልጅ፦
ወንድሜ ቋንቋውንስ እንዴት ይዘኸዋል? ደቡብ ኦሞ ኛንጋቶም ዘንድ ቆይተህ ከሆነ የመጣኸው አይቸግርህም፣ ከቱርካናዎቹ ጋር ይግባባሉ። «ኤጆካ» ብለህ ጀምር፣ የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱልሃል።

የካኩማ እህት፦
ስብሰባው ጠዋት ስንት ሰዓት ነው ያሉህ? በስዋሂሊ «ሳ ታቱ» ካሉህ የእኛው ሦስት ሰዓት ነው፣ አቆጣጠሩ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ከነገሩህ ግን ስድስት ቀንስ። መብራቱ መጣም አልመጣ ሻይ በወተት፣ ስኳሩን በዛ አድርገህ አዘጋጅ። ወንበሩንም ግቢው ውስጥ ጥላ ካለ ወደዚያ አውጣው፣ ምን ይጎዳሃል።

ነርስ ማ.፦
ማሰሮውን አገኛችሁ? ገበያው ሳይዘጋ ውጡ።

ቆጣሪ አንባቢ፦
@አዲስ ገቢ ሦስቱ ቁጥር ተገኘ?

ባለ ካርዱ፦
ስልኩ ዘግቶ ይሆናል።

የካኩማ እህት፦
ጠዋት ከዚህ ወደ ሎድዋር የሚወርድ መኪና አለ፣ የኅብረታችን ልጅ አለበት። ሁለት ማሰሮና የሚሞላ መብራት እልካለሁ። ከቡድኑ ሰው የቤቱን አድራሻ የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።