ጥቆማ፦ ወይንና ቡና ተከትላችሁ ስትጓዙ ገንዘባችሁን የት ታወጡታላችሁ?

ለገና ከአሜሪካ የሚመጡ ጥንዶች ጠይቀውኛል። ደህና ቦታ አርፈው፣ ያገር ቤት ወይን ቀምሰው፣ ቡናን ከነዛፉ አይተው መመለስ ነው ፍላጎታቸው። መልሴ አጭር ነው፤ ወይኑን በመንገድ ላይ ጨርሱት፣ ለቡናው እደሩ። ዋናውን ገንዘብም አዳሩ ላይ አውጡት።

ደግነቱ ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ናቸው። ባቱ፣ ሐዋሳ፣ ይርጋለም፣ ይርጋጨፌ፤ ያው ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ ነው።

ባቱ፣ የድሮዋ ዝዋይ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የወይን አምራቹ የካስቴል እርሻ እዚያ ነው። ችግኙ ከፈረንሳይ፣ ከቦርዶ መጥቶ ተተከለ፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጣ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ቦርዶዎች ይህን ወጪ አያውቁትም። ለጉብኝት ቀድማችሁ ደውሉና ቀጠሮ ያዙ፤ ዝም ብሎ በር ላይ መቆም አያዋጣም።

የካስቴልን አካሲያ ከሠርግ ታውቁታላችሁ፣ ጣፋጩን ማለቴ ነው። ሌላው ወይኑ ሪፍት ቫሊ ግን ደረቅ ነው። ለጥብስ የሱን ሲራ፣ ቀዩን ወይን፣ እመርጣለሁ። ለዶሮ ወጥ ግን ወይን ባትከፍቱ ይሻላል፤ በርበሬውና ደረቁ ወይን አይስማሙም። ለሱ ጠጅ አለለት። የአዋሽ ወይን ጉደርና አክሱሚት ደግሞ የቆዩ ወዳጆች ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ስለሚገኙ መንገድ አያስወጡም።

ማረፊያን በተመለከተ፣ ስፓና ሐይቅ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ቢሾፍቱ ያለው ኩሪፍቱ ሪዞርት ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው። ግን ቡና አታዩበትም፣ ቅዳሜና እሁድም ሰው ይበዛበታል። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ያለው ኃይሌ ሪዞርት ለአንድ ሌሊት ጥሩ ነው። ልጆች ከያዛችሁማ አትለፉት።

ለኔ ግን ምርጡ ይርጋለም ያለው አረጋሽ ሎጅ ነው። ቤቶቹ በሲዳማ ባህል ከቀርከሃ የተሠሩ ናቸው። ዙሪያው ዛፍ ነው፣ ወፍ ነው፣ ቡና ነው። ሲመሽ ጅቦች ይመጣሉ፤ እንግዳው እየተጠራራ ወጥቶ ያያቸዋል። የሚያብለጨልጭ እብነ በረድ የለም፤ ቅንጦት ለናንተ እሱ ከሆነ ሐዋሳ ቅሩ። አንድ ጊዜ እዚሁ የቡና አገር መሃል፣ ስሙን በማልጠራው ባለ ኮከብ ሆቴል፣ ለቁርስ የፓኬት ቡና ከሙቅ ውሃ ጋር ቀርቦልኛል። እብነ በረዱ ግን ያበራ ነበር።

ከይርጋለም ወደ ይርጋጨፌ ስትወርዱ የጌዴኦን መልክዓ ምድር ልብ ብላችሁ እዩ። ቡናው ከእንሰቱና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሄዳችሁ የቡና ማጠቢያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ቀዩ እሸት ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ያድራል፣ ታጥቦ ከመሬት ከፍ ባሉ የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እጃቸው ሲፈጥን አይን አይከተለውም። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። በአስጎብኚ በኩል አስቀድሞ ማስፈቀድም ጥሩ ነው። ገና ሲደርስ የሚመጣ ሰው የወቅቱን ጫፍ ነው የሚያገኘው፤ ከቻላችሁ ኅዳር ላይ ኑ።

ጥንዶቹ ካፋ ያለችውን ቦንጋንም ጠይቀውኛል። የካፋ ደንና የቡና ሙዚየሙ እውነትም ይታያሉ። ማረፊያው ግን ቀለል ያለ ነው፣ መንገዱም ረጅም ነው። እስከ ጅማ በአውሮፕላን ሂዱ፣ ከዚያ በመኪና። ለጫጉላ አልመክረውም፤ ለቡና አፍቃሪ ግን እሺ።

ጊዜ ካጠራችሁ አዲስ አበባ ቶሞካ አለላችሁ፣ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ቆማችሁ ነው የምትጠጡት፣ ወንበር አትፈልጉ። የተቆላውን ሳይፈጭ ግዙ፤ አሜሪካ ድረስ ሽታው ይቆይላችኋል። ይርጋለም ላይ ለምታድሩት ግን አሁኑኑ ክፍል ያዙ፣ በበዓል ሰሞን ቶሎ ይሞላል። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ሹፌር ጠይቁ።