የውጭ ግድግዳ ቀለም ለምትመርጡ ሁሉ፦ ከቀለም ካርዱ በፊት ግድግዳውን እዩ

የቤታቸውን የውጭ ግድግዳ ለመቀባት ወይም አዲስ ሽፋን ለማልበስ የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቀለም ካርዱ ነው። እኔ ግን ከግድግዳው እንዲጀመር እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የወደዱት ቀለም ለዓመታት እንደወደዱት መቆየት አለመቆየቱን የሚወስኑት የሚቀባበት ነገርና ቀለሙ የተሠራበት ማቅለሚያ ናቸው።

በሲሚንቶ ለተለሰነ ግድግዳ ዋናዎቹ አማራጮች አክሪሊክና ሲሊኬት ናቸው። አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን፣ በፈለጉት ቀለም የሚበጠበጥ፣ ግድግዳው በፀሐይና በቅዝቃዜ ሲሰፋና ሲጠብ አብሮት የሚለጠጥ በመሆኑ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ጀርመናዊው አዶልፍ ቪልሄልም ካይም እ.ኤ.አ. በ1878 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የሲሊኬት ቀለም ደግሞ ልስኑ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ሳይሆን ከማዕድኑ ጋር በኬሚካል የሚዋሐድ ስለሆነ በቀላሉ አይላጥም፤ በግድግዳው ውስጥ ያለውንም እርጥበት በእንፋሎት መልክ ያስወጣል። ይሁን እንጂ እንጨትና ፕላስቲክ ላይ ወይም ቀድሞ አክሪሊክ በተቀባ ግድግዳ ላይ አይይዝም፤ የቀለም ምርጫውም ጠበብ ያለ ነው። ልስኑ ያልተቀባ ከሆነ ያለማመንታት ሲሊኬትን እመርጣለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ አዲስ ልስን ከመቀባቱ በፊት እስከ 28 ቀን ድረስ እንዲደርቅ መታገሥ ይገባል። የዘይት ቀለምን ግን የሲሚንቶው አልካሊ ስለሚያበላሸው ለልስን አልመክረውም።

ቤቱ በቪኒል፣ ማለትም ከፒቪሲ ፕላስቲክ በተሠራ የግድግዳ ሽፋን፣ የተሸፈነ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ቪኒል ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል፤ ጥቁር ግራጫ ወይም የጠለቀ ሰማያዊ ደግሞ ፀሐይን ስለሚውጥ ሽፋኑ ሊጣመምና ሊቆለመም ይችላል። ስለዚህ በቀለም ካርዱ ላይ የብርሃን ነጸብራቅ መጠኑን፣ ማለትም ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ይመልከቱ፤ ልኬቱ ከ0 እስከ 100 ሲሆን 0 ፍጹም ጥቁር፣ 100 ፍጹም ነጭ ነው፤ ለቪኒልም ከቀድሞ ቀለሙ ያልጠቆረ መምረጥ ይሻላል። ጠቆር ያለ ቤት አጥብቆ ለሚፈልግ ሰው የምጠቁመው ፋይበር ሲሚንቶ፣ ማለትም በቃጫ የተጠናከረ የሲሚንቶ ሰሌዳ፣ ነው። የብረት ሽፋንም ይሆናል፤ ነገር ግን በፋብሪካ የተቀባው በፖሊስተር ወይስ በፒቪዲኤፍ (ፍሎሪን ባለው የፕላስቲክ ዓይነት) መሆኑን ጠይቀው ይግዙ፤ ፒቪዲኤፍ ቀለሙን ለረጅም ጊዜ ይዞ የሚቆየው ነው።

ብዙዎች የማይጠይቁት፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማስበው የማቅለሚያውን ነገር ነው። የሸክላ ቀይ፣ የአፈር ቢጫና ቡናማ የሚገኙት ከብረት ኦክሳይድ ስለሆነ ፀሐይ ብዙም አያሸንፋቸውም። ደማቅ ቀይና ብርቱ ቢጫ ግን በአብዛኛው ከካርቦን ውህዶች የሚሠሩ ናቸውና በተለይ ፀሐይ በሚበዛበት ወገን ቶሎ ይደበዝዛሉ። አሮጌ ግድግዳን በመዳፍ ሲያብሱት እጅ ላይ ዱቄት የሚቀረው ደግሞ የቀለሙን ቅንጣቶች አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ በፀሐይ ስለተበላ ነው፤ ይህ ዱቄት ታጥቦ ሳይወገድና ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) ሳይቀባ የሚመጣው አዲስ ቀለም ይላጣል። ስለዚህ ደማቁን ቀለም ለበሩ ይተዉት፤ በሩን ደግሞ መቀባት ቀላል ነው።

ቀለሙን ከመወሰንዎ በፊት ጣሪያውን፣ የድንጋይ ሥራውንና የመስኮት ፍሬሙን ይመልከቱ፤ እነዚህ የማይለወጡ በመሆናቸው ግድግዳው ለእነርሱ መስማማት አለበት። ቀለም በሰፊ ግድግዳ ላይ፣ ከደጅ ብርሃን ጋር ሲታይ ከካርዱ ይልቅ ፈካና ደመቅ ብሎ ስለሚታይ ከወደዱት አንድ ደረጃ ሰከን ያለውን ይሞክሩ። ሙከራውም ቢያንስ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ ከግድግዳው የተለያየ ወገን እየተደገፈ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ መታየት ይኖርበታል። ልስኑ ወጣ ገባ ከሆነ ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ቀለም፣ ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ጉድለቱን ሁሉ ያጎላዋል። ሥራው ሲጠናቀቅም የቀለሙን ኮድና የምርቱን ስም ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከትርፉም ጥቂቱን በደንብ የሚከደን ዕቃ ውስጥ ለኋላ ጥገና ያቆዩ።