ሄድሴት የሚነካው ቦታ ላይ ብጉር፣ አንገቴ ላይ ደግሞ የምላጭ እብጠት አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ?

ራንክ ፈላጊ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ፐብጂ (እስከ መጨረሻ የተረፈ የሚያሸንፍበት የኦንላይን ጌም) እንጫወታለን። ሄድሴቱን አንዴ ካደረግኩት እስክተኛ አላወልቀውም። ጌሙ ካለቀ በኋላም አልጋ ላይ ሆኜ ቪዲዮ በቪዲዮ ሳሳልፍ ሌሊቱ ይጋመሳል። ጠዋት ሥራ አለኝ፣ ስለዚህ ፂሜን የምላጨው እየተጣደፍኩ ነው፣ አንዳንዴም በደረቁ። አሁን ጆሮዬ ሥርና ጉንጬ ላይ ትንንሽ ብጉር፣ አንገቴና አገጬ ላይ ደግሞ የሚያሳክክ ጠንካራ እብጠት ወጥቷል። ሁለቱ አንድ ናቸው? ሥራዬ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ በጣም ከብዶኛል። ጌም ተው ብቻ እንዳትሉኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር የምገናኘው በሱ ነው።

ማሽን በእጄ፦
አንድ አይደሉም ወንድሜ። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ የአንገትህን ልንገርህ። ከርዳዳ ፂም ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል። ሲያድግ ይጠመዘዝና ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነትህ እንደ ባዕድ ነገር ስለሚያየው ያብጣል፣ ያሳክካል። ቆዳህን ወጥረህ፣ ባለ ብዙ ምላጭ መላጫ ይዘህ፣ ከታች ወደ ላይ ከላጨህ ደግሞ ይብሳል፤ ፀጉሩ ከቆዳው በታች ስለሚቆረጥ ሳይወጣ እዛው ውስጥ ይጠመዘዛል።

ለጊዜው ምላጭ አታስነካው። 3 ወይም 4 ሳምንት ብትታገስ ጥሩ ነው። ሥራ ቦታ ፂም አይፈቀድም ካሉህ በማሽን 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተህ ቁረጠው፣ ከሩቅ የተላጨ ነው የሚመስለው። ወደ ምላጭ ስትመለስ መጀመሪያ ፊትህን ለብ ባለ ውሃ ታጠብ፣ አረፋ ወይም ጄል ቀባ፣ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ላጭ። አትጫነው። አንድ ቦታ ላይ አትመላለስ። እብጠቱን በጥፍር ወይም በወረንጦ እየቆፈርክ ፀጉር ለማውጣት መሞከር ደግሞ በጭራሽ፤ ጠባሳ የሚተውብህ እሱ ነው።

ራንክ ፈላጊ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወደ ላይ ነበር የምላጨው፣ ካልሆነ የጠራ አይመስለኝም ነበር። ማታ ብላጭስ ችግር አለው?

ማሽን በእጄ፦
እንዲያውም ይሻላል። ጥድፊያ የለም፣ ቆዳውም ሌሊቱን ያርፋል። ገላህን ከታጠብክ በኋላ አድርገው፣ ያኔ ፀጉሩ ለስልሷል።

ቆራጡ፦
ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ከተላጨህ በኋላ አልኮል ቀባበት። ያቃጥላል ግን ይገድለዋል።

ሌሊት ተረኛ፦
ወንድም ቆራጡ፣ ይቅርታ አድርግልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ነርስ ነኝ። የአንገቱ ችግር መነሻው ተመልሶ የሚገባው ፀጉር ነው፣ አልኮል ደግሞ ፀጉሩን አያወጣውም። የተቆጣ ቆዳ ላይ ሲፈስ ያደርቀዋል፣ ማሳከኩንም ያብሳል። ሽታ የሌለው ቀለል ያለ ማለስለሻ ቅባት ይበቃዋል።

ጠያቂ፣ የጆሮህና የጉንጭህ ግን በእርግጥም ከሄድሴቱ ሊሆን ይችላል። ሙቀት፣ ላብ፣ ግፊትና ፍትጊያ አንድ ቦታ ላይ ሲደራረቡ ብጉር ያመጣሉ፤ ሄልሜት በሚያደርጉ ስፖርተኞች ላይም የታወቀ ነው። አንዱ ዙር አልቆ ሌላው እስኪጀመር አውልቀው፣ ቆዳህ ይተንፍስ። ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ስፖንጅ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረገውና በደንብ ይድረቅ። ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰ ከሆነ አልኮል ባታበዛበት ይሻላል፣ ይሰነጣጠቃል። የሚነቀል ከሆነ ሲያረጅ ቀይረው። ከጨዋታ በኋላ ፊትህን ለስላሳ በሆነ ሳሙና ታጠብ፣ ግን አትፈግፍገው።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት ቅባት ፋርማሲ ጠይቅ። ዝቅተኛውን፣ 2.5 በመቶውን ይዘህ ጀምር። ጨርቅ ያነጣል፣ ስለዚህ የትራስ ልብስህንና ፎጣህን ጠብቅ። መግል ከያዘ፣ ከጋለ፣ ወይም እየጠነከረ የሚያድግ ጠባሳ ካየህ ግን ቅባት እየቀያየርክ አትቆይ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ።

ቆራጡ፦
እሺ እህቴ፣ ይሄን አላውቅም ነበር።

ዝም ያለች፦
እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ነገር ሱስ ነው። ወንድሜ፣ ራስህን ጠይቅ።

የመጨረሻ ዙር፦
እህት፣ ሐሳብሽ ከቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ሱስ የሚለውን ቃል በቶሎ ባንለጥፍበት። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን የበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፣ ዝርዝሩም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። መለኪያው ግን ምን ያህል ሰዓት ተጫወተ አይደለም። መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌም ከሌላው ኑሮ ሁሉ ሲቀድምበት፣ እየጎዳው እያየም ሲቀጥል፣ ይሄም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ይሄ ልጅ ሥራውን ይሄዳል፣ ጓደኞች አሉት፣ መፍትሔም እየፈለገ ነው። የጎደለው እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ ጠያቂ፣ አላርምህን ማቆሚያ ሰዓት ላይ አትሙላው። ዙር መሃል ሲጮህ ቡድንህን ጥለህ አትወጣም፣ ታጠፋውና ትቀጥላለህ። የመጨረሻው ዙር የሚጀመርበት ሰዓት ላይ ሙላው። ፐብጂ እስከ መጨረሻው ከተረፍክ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መተኛት ከፈለግክ ከ4 ሰዓት በኋላ አዲስ ዙር አትግባ። ለጓደኞችህም ቀድመህ ንገራቸው። አንድ ሰው ሲናገር ሌሎቹም እፎይ ይላሉ፣ ብዙ ጊዜ ሁሉም ደክሟቸው ማንም ቀድሞ መውጣት ስለማይፈልግ ነው የሚቀመጡት።

ከጌሙ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያ የአልጋ ላይ ስልክ ነው። ጌም ቢያንስ ዙሩ ያልቃል፣ ቪዲዮው ግን ማለቂያ የለውም፣ እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስልኩን ከአልጋህ ርቆ ቻርጅ አድርገው። የጠዋት አላርምህ እሱ ከሆነ ደግሞ ተነስተህ ለማጥፋት ስትሄድ በዛው ትነቃለህ። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ነው የሚመከረው።

ራንክ ፈላጊ፦
የመጨረሻ ዙር፣ የጓደኞቼን ነገር በትክክል ነው የተናገርከው። ዛሬ ማታ ለቡድኑ እነግራቸዋለሁ። ማሽን በእጄ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ማሽኑ ዜሮ ላይ ሲሆንስ ያው አይደለም?

ማሽን በእጄ፦
አይደለም። ዜሮ ከቆዳው ጋር እኩል አድርጎ ስለሚወስደው እብጠት ላለበት ሰው አይሆንም። ያልኩህን 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሚያስቀር ማበጠሪያ ግጠምበት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ አስተካክለው። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ ጥርሱን በብሩሽ ጥረግ፣ ዘይትም ጠብ አድርግበት፤ የደነዘዘ ማሽን ፀጉሩን ስለሚጎትት ቆዳህን መልሶ ያስቆጣዋል።