ሳይክል ከሰበታው መንገድ ይታገድ ወይስ አይታገድ?

መምህሩ (አለም ገና)፦
ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው እሁድ እድራችን ላይ የተነሳውን ጉዳይ ያልነበራችሁም እንድትሰሙት እዚህ አመጣሁት። ከአየር ጤና በካራቆሬ አድርጎ ወደ አለም ገናና ሰበታ በሚወስደው መንገድ አንድ የሰፈራችን ልጅ ከሳይክል ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ እግዜር ይማረው። አንድ አባት ተነስተው "ጠዋትና ማታ ሳይክል በዚህ መንገድ እንዳይሄድ ይታገድልን ብለን ደብዳቤ እንጻፍ" አሉ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። እኔ ተቃወምኩ። ምክንያቴን ልናገርና ተከራከሩኝ።

ልጁን ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ማንም አልገጨውም። ሹፌሮች ሁልጊዜ እንደሚሉን ጠርዙን ይዞ ነበር የሚሄደው። ጠርዙ ላይ ያለውን የፍሳሽ ፍርግርግ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ትናንት አየሁት። ብረቶቹ የተዘረጉት በመንገዱ አቅጣጫ ነው። በመካከላቸው ሁለት ጣቴን ሰድጄ ቦታ ተረፈኝ። የእኔ ሳይክል ጎማ ደግሞ ውፍረቱ ሁለት ጣት አይሞላም። የልጁ የፊት ጎማ እዚያ ውስጥ ሰጠመ፤ እሱ ወደ ግራ ተወርውሮ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ከኋላው የነበረው አይሱዙ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ሹፌሩን እግዜር ይስጠው፣ ወርዶም ያነሳው እሱ ነው።

ለአራት ዓመት በዚህ መንገድ ሥራ ተመላልሻለሁ። "ጠርዝህን ያዝ!" ያላለኝ ሹፌር የለም። የትኛውን ጠርዝ? ፍርግርጉን ስታልፍ ከገልባጭ የፈሰሰ ገረጋንቲ አለ፣ ከዚያ ሰው የሚጭን ታክሲ፣ ከዚያ አስፋልቱ ድረስ የተዘረጋ ሽንኩርትና ቲማቲም። እነዚህን ለማለፍ ወደ መሃል ስወጣ ከኋላዬ ያለው ሰው የሚታየው የእኔ መውጣት ብቻ ነው፤ ምን እንዳስወጣኝ አይታየውም። እኛን ከማገዳችን በፊት ጠርዙ ይሠራ ነው የምለው።

የገልባጭ ሹፌር (ሰበታ)፦
መምህር፣ ስለ ፍርግርጉ ያሉት ሐቅ ነው። ግን ከእኔ ወንበር ሆነው ደግሞ ይዩት። ሲኖ ስይዝ 11 ዓመቴ ነው። ከጋቢናዬ በስተቀኝ፣ ከበሩ ሥር፣ አንድ ሰው ከነሳይክሉ ቢቆም በመስኮትም በስፖኪዮም አይታየኝም። ቀይ መብራት ላይ በቀኝ በኩል ሰርስረው ገብተው ይቆማሉ። አረንጓዴ ሲሆን ወደ ቀኝ ብታጠፍ የኋላው ጎማ ጠርዙን ጠርጎ ነው የሚዞረው። ከፊት ያለው ጎማ ያለፈበትን ቦታ አይከተልም። ይህን የሚያውቅ ባለሳይክል ስንት ነው?

ማታ 1 ሰዓት ላይ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ያለ መብራት የሚመጣም አለ። ታዳጊዎች ደግሞ ቀዳዳ ሲያገኙ ጭነቱን ከኋላ ይዘው ይጎተታሉ። ፍሬን ብይዝ ሟቹ እሱ ነው፤ የምታሰረው እኔ። ሰው መኪናችንን "ቀይ ሽብር" ብሎ ስም አወጣለት። ስሰማው ይከፋኛል፤ እኔም ልጆቼን ትምህርት ቤት የምልክ አባት ነኝ። ክፍያችን በቢያጆ፣ ማለትም በምልልስ ቁጥር ነው፣ ቢያጆ ከጎደለ ባለንብረቱ የሚጠይቀው እኔን ነው። መንገዱ እስኪሠራ እገዳውን እደግፋለሁ።

ባለ ኮድ 2፦
እኔም እደግፋለሁ። ቦሎ እከፍላለሁ፣ ሦስተኛ ወገን እገባለሁ፣ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ሳይክል ታርጋ የለው፣ ኢንሹራንስ የለው። ባለፈው ወር አንዱ በሬን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦጭሮኝ በታክሲዎች መካከል ሾልኮ ሄደ። ማንን ልክሰስ? በ2011 ሞተር ሳይክል ሲታገድም ጩኸት ነበር። ታገደ፣ ሰውም ለመደው።

ዳቦ አከፋፋይ (ካራቆሬ)፦
ጋሼ፣ እርስዎ ይልመዱት። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት ዳቦ ቤት ደርሼ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ለሱቆች ካላደረስኩ ያን ቀን ገቢ የለኝም። ጠዋት ታገደ ማለት ሥራዬ ታገደ ማለት ነው። ባጃጅ ልከራይ ብል ትርፉን ሁሉ ይወስደዋል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁለታችሁንም እሰማለሁ። መኪና የገዛሁት ለቅንጦት አይደለም። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ልጅ ይዤ ቆሜ ስለማውቀው ነው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ኤሌክትሪክ ገዛሁ። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ መኪናዬ ድምፅ የለውም። ባለሳይክሉ መምጣቴን አይሰማም። ክላክስ ካደረግኩ ይደነግጥና ዞሮ ሲያየኝ መሪው አብሮት ወደ እኔ ይዞራል። ካላደረግኩ ሳያውቀኝ ፍርግርጉን ሊሸሽ ይወጣል። አንድ ጊዜ ትከሻው ስፖኪዮዬን ነክቶት አለፈ። ዳር ይዤ ቆምኩና እጄ እስኪረጋ መንዳት አቃተኝ።

ልጄ ሳይክል የለመደው መሃል ከተማ፣ "መንገድ ለሰው" በሚባለው እሁድ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ ነው። ሰፈራችን ውስጥ እንዲነዳ አልፈቅድለትም። ግን እገዳ? አላውቅም።

የመንገድ ሥራ ባለሙያ፦
ስለ ፍጥነት የሚያወራ ስለጠፋ ልግባበት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። በ30 ከሆነ 8 ሜትር ያህል። ሹፌር አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት እንኳ ልዩነቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እግረኛ በመኪና ፊት ሲገጭ የመሞት ዕድሉ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲኬድ 4 ነጥብ 5 እጥፍ ይሆናል። ማታ መንገዱ ሲለቀቅ በስንት እንደምትነዱ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሌላው፣ ደብዳቤው ለማን ነው የሚጻፈው? መንገዱ አዲስ አበባ ይጀምርና በኦሮሚያ ሥር ያለው ሸገር ከተማ ውስጥ ነው የሚገባው። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ መሃል ከተማ የሳይክል መስመር ተሠርቷል፤ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ያለውን ሄዳችሁ እዩ። እኛ ጋ ግን ሁለት አስተዳደር ስላለ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። መስመር ይሠራ ካላችሁ ለሁለቱም ጻፉ። ፍርግርጉ ግን መስመር እስኪሠራ አይጠብቅም። ብረቱን ነቅሎ ለመንገዱ አግድም አድርጎ መበየድ ነው፤ ጥሩ በያጅ በቀን ብዙ ይጨርሳል።

መምህሩ (አለም ገና)፦
ለባለ ኮድ 2፣ የበርዎ ነገር ያሳዝናል፣ ጥፋተኛውም ባለሳይክሉ ነው። ግን በ2011 ሞተር የታገደው በዝርፊያ ምክንያት ነው፣ በኋላም ተመዝግቦ ፈቃድ ያወጣ እንዲሠራ ተደርጓል። በሳይክል ቦርሳ ነጥቆ አስፋልት ላይ የሚያመልጥ ሰው አላየሁም። ይመዝገቡ ካሉኝ እሺ፣ አብሬ እፈርማለሁ። ይጥፉ ካሉኝ አይሆንም። ዳቦውን የሚያመጣልዎ ልጅ ነው የሚጠፋው።

ወንድሜ የገልባጩ ሹፌር፣ አንተ ያልከው ግን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። በቀኝ በኩል ስንት ጊዜ ገብቼ እንደቆምኩ ቆጠርኩ። የማይታይ ቦታ መሆኑን አላውቅም ነበር። መብራትም የለኝም፤ እስካሁን "ገና አልመሸም" እያልኩ ነበር። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ የፊትና የኋላ መብራት ገዛሁ። ለተማሪዎቼም ነገርኳቸው፤ ሰባቱ በሳይክል ነው የሚመጡት።

እገዳውን ግን አሁንም እቃወማለሁ። ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ይግባ፤ የፍርግርጉ ብረት ለመንገዱ አግድም ይደረግ፣ ታክሲ የሚጭንበት ቦታ ይለይ፣ ከካራቆሬ እስከ አለም ገና ፍጥነት መቀነሻ ይሠራ።

ባለ ኮድ 2፦
ምዝገባው ከገባ እኔም እፈርማለሁ። ካልገባ አልፈርምም።

የገልባጭ ሹፌር (ሰበታ)፦
መምህር፣ ፍጥነት መቀነሻ ሲበዛ ጭነት ለያዘ መኪና ሌላ አደጋ ነው፤ ቦታው ይመረጥ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ባዶ ነኝ፣ ካራቆሬ እቆማለሁ። ሳይክልዎን ይዘው ይምጡና በቀኜ በኩል ያስደግፉት፣ ከዚያ ወንበሬ ላይ ራስዎ ተቀምጠው ይፈልጉት። እነዚያ ተማሪዎችም ከመጡ ተራ በተራ ይውጡ፤ ጋቢናው ሰፊ ነው። እስከዚያ ግን የእርስዎንም የአባትንም ደብዳቤ አልፈርምም።

መምህሩ (አለም ገና)፦
እመጣለሁ። ሰባቱንም ይዣቸው እመጣለሁ፣ ሜትርም እይዛለሁ፤ ስንወርድ ፍርግርጉን አብረን እንለካለን።