«ብቸኛ ቁጥር» ለምን ብቸኛ ተባለ? መንታስ ካለው?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴን ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራ ሳሠራት ነው ጥያቄው የመጣው። ደብተሯ ላይ «ብቸኛ ቁጥር ማለት በ1 እና በራሱ ብቻ የሚካፈል ቁጥር ነው» ይላል። ልጅቷ ቀና ብላ «ለምን ብቸኛ ተባለ? ጓደኛ የለውም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቃሉን ስንት ዓመት ስጠራው ኖሬ አንድም ቀን አላሰብኩበትም። ትንሽ ፈለግ ፈለግ ሳደርግ ደግሞ «መንታ ብቸኛ ቁጥሮች» የሚል አገኘሁ። መንታ ያለው ነገር እንዴት ብቸኛ ይባላል? እንግሊዝኛው «ፕራይም» ነው፤ እሱ ብቸኝነትን የሚያነሳ አይመስለኝም። ተርጓሚዎቹ ተሳስተው ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ጥቁር ሰሌዳ፦
እህቴ፣ ጥያቄው የልጅቷ ነውና ከልጅቷ ልጀምር። ሽንብራ አምጪላት። መጀመሪያ 12 ቁጠሪና «ረድፎቹ እኩል ይሁኑ» ብለሽ አስደርድሪያት። በ2 ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በ3 ረድፍ አራት አራት አድርጋ ትደረድራለች። ከዚያ አንዲት ሽንብራ ጨምሪና 13 አድርጊው። በ2 ረድፍ ስትሞክር አንዷ ትተርፋለች። በ3 ስትሞክር አንዷ ትተርፋለች። በ4ም አንዷ ትተርፋለች። በ5 ሦስት ይተርፋሉ። ስትለፋ ቆይታ መጨረሻ ላይ የሚቀራት አንድ ረጅም ሰልፍ ብቻ ነው። ያኔ ትርጉሙን በእጇ ነካችው ማለት ነው።

ለአንቺ ደግሞ ተረት ላምጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ተረቱ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚጠራው፤ ወይ ለአንድ ሰው፣ ወይ ለሁሉም አንድ አንድ። 50 ሎሚ ግን ሌላም መንገድ አለው። ለ2 ሰው፣ ለ5፣ ለ10፣ ለ25 ሰውም እኩል ይደርሳል። ሎሚው 53 ቢሆንስ? ሳይቆረጥ እኩል ይድረስ ካልን፣ ወይ አንድ ሰው ሁሉንም ይሸከማል ወይ 53 ሰው አንድ አንድ ይይዛል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ብቸኛ ቁጥር ማለት ተረቱ የጠራቸው ሁለቱ መንገዶች ብቻ የቀሩት ቁጥር ነው።

ወደ ቃሉ ስንመጣ፣ «ብቸኛ» በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። «ብቸኛ ልጃቸው ነው» ስንል ሌላ የላቸውም ማለታችን ነው። «ብቸኛ ሆንኩ» ስንል ግን ሆድ መባስ ነው። ልጅቷ የሰማችው ሁለተኛውን ነው። የሒሳቡ የመጀመሪያው ነው፤ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው። እንደሚመስለኝ ስሙ የወጣው እዚያው ትርጉሙ ውስጥ ካለችው «ብቻ» ከምትለው ቃል ነው።

ስለ መንታው ግዕዝ ያግዘናል። በግዕዝ «ባሕቲቱ» ማለት «እሱ ብቻውን» ነው። «ባሕታዊ» የመጣው ከዚያ ነው። በአንድ ተራራ ላይ ሁለት ዋሻ ጎን ለጎን ቢኖር፣ በሁለቱም ውስጥ ባሕታውያን ቢኖሩ፣ ባሕታዊነታቸው አይቀርም። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። 11 እና 13 እንደዚያ ናቸው። 17 እና 19፣ 29 እና 31፣ 41 እና 43ም እንዲሁ። በመሃላቸው አንድ ቁጥር ብቻ አለ።

እናት ከአሽዶድ፦
መምህር፣ እንዴት ደስ የሚል ማብራሪያ ነው! እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ እዚህ ትምህርት ቤት «ሚስፓር ሪሾኒ» ብሎ ነው የሚጠራው። «ሪሾን» በዕብራይስጥ መጀመሪያ ማለት ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያ ቁጥር» እንደማለት ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ ደግሞ በዐረብኛ «አወሊ» ይባላል አለችኝ፤ እሱም ከ«መጀመሪያ» የመጣ ነው። እኛ ብቻ ነን «ብቸኛ» ያልነው?

ጥቁር ሰሌዳ፦
ቋንቋ ሁሉ አላውቅምና «እኛ ብቻ» አልልም። የእነዚያ ምንጭ ግን አንድ ነው። የዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ የሒሳብ ሊቁ ኤውክሊድ በግሪክኛ ሲጽፍ «ፕሮቶስ» ብሎታል፤ የመጀመሪያ ማለት ነው። ላቲኑ «ፕሪሙስ» አለው፤ እንግሊዝኛው «ፕራይም» ከዚያ ወረደ።

ለምን የመጀመሪያ? ሌሎቹ ቁጥሮች የሚሠሩት ከእነሱ ስለሆነ ነው። 60ን በትኚው፤ 2 × 2 × 3 × 5 ነው። ከየትም ጀምሪ፣ በ6 × 10 ብትጀምሪ፣ በ4 × 15 ብትጀምሪ፣ መጨረሻ ላይ የምትደርሺው እነዚያው አራቱ ጋ ነው። ግሪኮቹ ቁጥሩ ለሌሎች የሚያደርገውን አይተው ሰየሙት። የእኛ ስም ግን ቁጥሩ ራሱ እንዴት እንደሆነ ያያል። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ልጅ ሳስተምር ግን «ብቸኛ» ይሻለኛል። 13ቱን ሽንብራ የደረደረ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። «የመጀመሪያ» ብለው «ከምኑ መጀመሪያ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። «ቀዳማዊ ቁጥር» ብንለው ይሻል ነበር ባይ ነኝ። «ብቸኛ» አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ ተማሪ 1ን ብቸኛ ቁጥር ያደርገዋል። በቃሉ ከሄድን ከ1 በላይ ብቸኛ ማን አለ? እኔ ራሴ ስድስተኛ ክፍል ፈተና ላይ 1ን ጨምሬ ነጥብ አጥቻለሁ። እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጥቁር ሰሌዳ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ቃሉ እዚህ ላይ ያሳስታል። ነጥብህን ያጣኸው ግን ብቻህን አይደለህም። የድሮ ሊቃውንትም 1ን ይጨምሩት ነበር፤ ጎልድባክ በ1742 (በፈረንጆቹ) ለኦይለር በጻፈው ደብዳቤ 1ን ከብቸኞቹ ጋር ነው የቆጠረው። በኋላ የወጣው ለምንድን ነው? 1 ከገባ 60ን ስንበትነው መልሱ አንድ መሆኑ ይቀራል። 2 × 2 × 3 × 5 ላይ የፈለግነውን ያህል 1 መቀጠል እንችላለን። ስለዚህ ትርጉሙን «በ1 እና በራሱ ብቻ የሚካፈል» ከማለት «ልክ ሁለት አካፋዮች ያሉት» ማለት ይሻላል። 1 አካፋዩ አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ከተባለ ልጁም አይሳሳትም፣ ስሙም ይተርፋል።

ዜና አርታዒ፦
እኔ የሥራ ጥያቄ አለኝ። ባለፈው አንድ ጽሑፍ ላይ «የዓለማችን ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ተፈለሰፈ፤ 41 ሚሊዮን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ደረሰኝ። የሆነ ነገር ከነከነኝ። ምኑ ነው የተበላሸው?

ከሲያትል፦
ይቺን ለእኔ ተዉልኝ፤ ነገሩን በቅርብ እከታተላለሁ። ሦስት ቦታ ተበላሽቷል።

«ተፈለሰፈ» አይባልም። ያልነበረ ነገር ሲሠራ ነው መፈልሰፍ። ቁጥሩ ድሮም ነበር፤ «ተገኘ» በለው። «ትልቁ»ም አያስኬድም፤ መጨረሻ የለውምና። ኤውክሊድ ያኔውኑ አሳይቶታል። የምታውቃቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አባዛና 1 ጨምር። 2 × 3 × 5 × 7 + 1 = 211። በ2 ብትሞክር፣ በ3፣ በ5፣ በ7 ብትሞክር ሁሌም 1 ይተርፋል፤ ልክ እንደ ሽንብራዋ። ስለዚህ ዝርዝርህ ውስጥ የሌለ ብቸኛ ቁጥር የግድ አለ። «እስካሁን ከታወቁት ትልቁ» ማለት ነው ትክክሉ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ቁጥሩ 41 ሚሊዮን አይደለም። የአኃዞቹ ብዛት ነው 41,024,320። 41 ሚሊዮን ራሱ እኮ ስምንት አኃዝ ብቻ ነው ያለው። ይህን ቁጥር በሴኮንድ አንድ አኃዝ እየጠራህ፣ ሳትተኛና ሳትበላ ብታነበው 475 ቀን ገደማ ይፈጅብሃል።

የተገኘበት መንገድ ደግሞ የሎሚው ተረት ነው። ጆርጅ ዎልትማን በ1996 (በፈረንጆቹ) የጀመረው ጊምፕስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ሥራ አለ። እያንዳንዱ ሰው የሚመረመር አንድ ቁጥር ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩ በትርፍ ጊዜው ይመረምረዋል። የእኔም ኮምፒውተር ማታ ማታ እዚያ ላይ ነው። እስካሁን የደረሰኝ ሁሉ «ብቸኛ አይደለም» የሚል ውጤት ነው፤ ያም ቢሆን ዝርዝሩን ያጠራል። ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ግን በ17 አገሮች ያሉ የተከራያቸውን ግራፊክስ ካርዶች (ስሌት የሚያፋጥኑ የኮምፒውተር ክፍሎች) አሰማራ። ደብሊን ያለው ካርድ ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ፍንጩን ሰጠ። በማግስቱ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ያለው አረጋገጠ። ቁጥሩን ለመጻፍ 2ን 136,279,841 ጊዜ ደርድረህ ታባዛለህ፤ ከዚያ 1 ትቀንሳለህ። የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ከታወቁት 52ኛው ነው።

ዜና አርታዒ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ አስተካክላለሁ። መርሴን የሰው ስም ነው?

ጥቁር ሰሌዳ፦
አዎ፤ ማረን መርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ ነው። 2ን ደጋግሞ አባዝቶ 1 መቀነስ ነው ነገሩ። 3፣ 7፣ 31፣ 127 እንዲህ ይወጣሉ። ሁሌ ግን አይሠራም፤ በ11 ርቢ፣ ማለትም 2ን 11 ጊዜ ደርድረህ ስታባዛ፣ 2,048 ይወጣል፤ 1 ሲቀነስ 2,047 ነው፤ እሱ 23 × 89 ሆኖ ይበተናል። መርሴን በ1644 (በፈረንጆቹ) የትኞቹ ርቢዎች እንደሚሠሩ ዝርዝር አወጣ። 67 እና 257ን በስህተት አስገባ፤ 61፣ 89 እና 107ን ዘለለ። 61ኛውን በ1883 በእጁ ሠርቶ ያረጋገጠው ኢቫን ፔርቩሺን የሚባል ሩሲያዊ ቄስ ነው።

የ67ቱን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1903 ኒው ዮርክ በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ፍራንክ ኮል ተራው ሲደርስ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ቃል አልተነፈሰም። 2ን እያባዛ 67ኛው ርቢ ደረሰ፤ 1 ቀነሰ። 147,573,952,589,676,412,927 ወጣ። ወደ ባዶው የሰሌዳ ክፍል አለፈ። 193,707,721ን በ761,838,257,287 በእጁ አባዛ። ያው ቁጥር ወጣ። ጠመኔውን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ሲሉት «ሦስት ዓመት፣ እሑድ እሑድ» አለ ይባላል። ሰሌዳ ፊት ዕድሜዬን ስለጨረስኩ መሰለኝ፣ ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ጋሼ፣ 41 ሚሊዮን አኃዝ ያለውን ግን በምን ያረጋግጡታል? ያን ሁሉ አካፋይ አንድ በአንድ መሞከር አይቻልም አይደል?

ጥቁር ሰሌዳ፦
አይቻልም። ለመርሴን ቁጥሮች ግን ሉካስ እና ሌመር የሚባሉ የሒሳብ ሊቃውንት፣ አንዱ የጀመረው ሌላው ያሳመረው አጭር መንገድ አለ። በ31 ላሳይህ። 31 ከ2 5ኛ ርቢ ላይ 1 ሲቀነስ የሚወጣ ነው፤ ከ5 ላይ 2 ቀንስና 3 ጊዜ ትሠራለህ። በ4 ጀምር። ዳግም ርቢውን ውሰድና 2 ቀንስ፤ 16 ሲቀነስ 2፣ 14። ድገመው፤ 196 ሲቀነስ 2፣ 194። ለ31 አካፍለው፤ 8 ይቀራል። በ8 ድገመው፤ 64 ሲቀነስ 2፣ 62። ለ31 ሲካፈል ምንም አይቀርም። ዜሮ ከመጣ ብቸኛ ነው፤ በቃ። ትልቁም የተረጋገጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ ድግግሞሹ 136 ሚሊዮን ጊዜ ሆነ እንጂ።

እናት ከአሽዶድ፦
መንታ ካሉ ሌላም ዘመድ ይኖራቸዋል ማለት ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
አላቸው። በ4 የሚራራቁት፣ እንደ 7 እና 11 ያሉት፣ በእንግሊዝኛ «ከዝን» ይባላሉ። እዚህ ጋ አማርኛ ያስቸግራል፤ የአጎት ልጅ ነው የአክስት? እኔ «የአጎት ልጆች» ብዬ ነው የምተረጉመው፤ የተሻለ ያለው ይንገረኝ። በ6 የሚራራቁትን ደግሞ በላቲን ስድስትን ከሚለው ቃል ነው የሰየሟቸው። የእንግሊዝኛው ድምፅ («ሴክሲ») ሌላ ነገር ስለሚመስል በድምፁ እንዳትተረጉሙት አደራ። «ባለስድስት ልዩነት» ይበቃል።

ለመንታዎቹ «መንታ» ያልነው ግን ድንቅ ነው። ማለቂያ ይኑራቸው አይኑራቸው እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም። የሒሳብ ሊቁ ዣንግ ይታንግ በ2013 (በፈረንጆቹ) ልዩነታቸው ከ70 ሚሊዮን ያነሰ ጥንዶች ማለቂያ እንደሌላቸው አረጋገጠ። ሌሎች ተጋግዘው 246 አደረሱት። 2 ላይ ገና ነው።

ቃል ፈላጊ፦
ሽንብራውን ሞከርነው! 13 ላይ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ከቆጠረች በኋላ «አንዷን ልብላትና 12 ይሁን» አለች። አሁን የዓመተ ምሕረት ቁጥሮችን እየመረመረች ነው።

ጥቁር ሰሌዳ፦
በርቺ በያት። ይህንንም ንገሪያት፤ ትልቁ ቁጥር የተገኘበት 2017 ብቸኛ ቁጥር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን የተገኘው በኅዳር 2011 ነው፤ 2011ም ብቸኛ ነው። በፈረንጆቹ ከቆጠርን ሁለቱም አይሆኑም፤ 2024 እና 2018 ናቸውና። መንታ ዓመት ከፈለገች 2027 እና 2029ን ትጠብቅ።

ቃል ፈላጊ፦
ነገርኳት። ደብተሯ ጀርባ ላይ ጻፈቻቸው። «መሃላቸው ያለው 2028ስ?» አለች።

ጥቁር ሰሌዳ፦
በ6 ረድፍ ይደረደራል፣ 338 338 ሆኖ። ከ3 እና 5 በስተቀር በመንታዎች መሃል ያለው ቁጥር ሁሌም በ6 ይካፈላል። ተከታታይ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ አንዱ በ3 መካፈሉ ግድ ነው፤ ዳርና ዳር ያሉት ብቸኞች ስለሆኑ ዕጣው የመሃለኛው ነው። ጎዶሎ በሆኑ ሁለት ቁጥሮች መሃል ስላለ ደግሞ በ2ም ይካፈላል። በ11 እና በ13 መሃል ባለው በ12ቱ ሽንብራ ትጀምር።